ለውሻስ ስንት ቤት ይቆጠራል?

ዳማ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ጀርመን ሼፐርድ ናት። ጀርባዋ ጥቁር፣ እግሯና ደረቷ ዳማ፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ደሴ ሆጤ አካባቢ ከእናቴ ጋር ነው የምንኖረው። ሳመጣት ሐሳቤ አጭር ነበር። አሳድጋታለሁ፣ አስወልዳታለሁ፣ ቡችላ እሸጣለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ቡችላ አልሸጥኩም። የተቀበልኩትንም ቀብድ መልሻለሁ። ዘር ያለው ውሻ ለማራባት የምታስቡ ካላችሁ የኔ ጉዞ ይኸውላችሁ፣ ከነስህተቱ።

የገዛኋት መስከረም 2015 ነው፣ ከኮምቦልቻ። ሰውዬው በስልክ "ንጹህ ጀርመን ናት፣ ቅልቅል የለባትም" አለኝ። በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አልገባሁም። በር ላይ በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። እናቷን ልያት ስለው "ተኝታለች፣ እንግዳም አትወድ" አለ። እኔ ደግሞ መዳፏን እያየሁ እስቃለሁ። ያ ሁሉ መዳፍ ለዚያች ሚጢጢ! ከዚያ ወዲያ የጠየቅኩት ዋጋዋን ብቻ ነው።

አምስት ሳምንቷ ነበር። በትንሽነቷ ከመጣች ቶሎ ትለምደኛለች ብዬ ጭራሽ ደስ ብሎኛል። ቡችላ ግን ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ነገሩ የጡት ብቻ አይደለም። ሲላፉ አንዱ አጥብቆ ከነከሰ የተነከሰው ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቆማል። ንክሻን መመጠን የሚማሩት እዚያ ነው። ዳማ ይህን ትምህርት የተማረችው በኔ እጅና በእናቴ ነጠላ ላይ ነው። ሁለት ነጠላ ሄዷል።

በዚያ ሰሞን ምክር የማይሰጠኝ ሰው አልነበረም። "ጨለማ ክፍል አስረህ አሳድጋት፣ ኃይለኛ ትሆናለች" ያለኝ ብዙ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ብቻ ሌላ ነገር አሉ። ሐጂ ውሻ ቤት አያስገቡም፤ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ሳያጥቡ አይሰግዱም። በራቸው ላይ ለሚተኛው የሐበሻ ውሻ ግን ማታ ማታ ፍርፋሪ የሚያወጡለት ራሳቸው ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ዘሯን ተወውና አመሏን ንገረኝ" አሉኝ። "የልጅ ልጆቼ በዚህ በር ነው የሚወጡ የሚገቡት።" ያኔ አልገባኝም። በኋላ ሳነብ ነው የሐጂ ጥያቄ ከኔ ጥያቄ እንደሚቀድም ያወቅኩት። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ገደማ ነው። ያኔ ሰው፣ ልጅ፣ ጃንጥላ፣ መኪና ካላየ በኋላ ሁሉም ነገር ጠላት ይመስለዋል። ጨለማ ክፍል ያደገ ውሻ ኃይለኛ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ግንቦት ላይ፣ ዘጠኝ ወር ሲሆናት፣ ወንድ መፈለግ ጀመረች። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ሰልፍ ያዘ። ሦስት ሳምንት ማድቤት ውስጥ ነው ያደረች። ለሻጩ ደውዬ ምን ላድርግ አልኩት። "ወንድሟ እኔ ጋ አለ፣ አምጣት። ንጹህ በንጹህ ነው፣ ዘሩ አይበላሽም" አለኝ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አለች።

"ወንድሟን?"

"ውሻ እኮ ናት፣ እማ።"

"እኔና አባትህ ስንጋባ ስንት ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ቆጥሯል። አንተ አንድ ቤት እንኳ አትቆጥርላትም?"

ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። እስከዚያ ቀን "ንጹህ" ማለት "ጤነኛ" ማለት ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ራሱ አሳሳች ነው። ንጹህ ዘር ማለት ወላጆቹ፣ አያቶቹ፣ ቅድመ አያቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ዘር ጋር የሚወርድ ችግር ካለም አብሮ በንጽህና ይወርዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ብዙ የዘር በሽታ ከአንድ ወገን ብቻ ሲወረስ ተደብቆ ይቀመጣል። ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነቱ ሲገናኝ ይወጣል። እህትና ወንድም ሲጣመሩ ቡችላው በአንድ የዘር ቦታ ላይ ያንኑ የአያት ቅጂ ከሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። አባትና ልጅ ቢሆኑም ያው 25። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ከሆኑ 12.5፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ከሆኑ 6.25። ሰባት ቤት ላይ ሲደርስ ከቁጥር አይገባም። የእናቴ ሽማግሌዎች ይህን ወረቀት ላይ አላሰሉትም፣ ግን ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1873 የተቋቋመው፣ የውሻ ዘር የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬነል ክለብ፣ ከአባትና ልጅ፣ ከእናትና ልጅ ወይም ከእህትና ወንድም የተወለዱ ቡችሎችን አልመዘግብም ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ቀደም ብለው እናቴን ቢጠይቋት ኖሮ።

ያው ክለብ ሌላም ያስቀመጠው አለ። ዓመት ሳይሞላት የተጠቃች፣ ማለትም ከወንድ የተገናኘች፣ እናት ቡችሎቿ አይመዘገቡም፣ ከአራት ወሊድ በላይም አይፈቀድም። ዳማ ዘጠኝ ወሯ ነበር። እሷ ራሷ አድጋ አልጨረሰችም። እስከ ሁለት ዓመቷ ልጠብቅ ወሰንኩ።

ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ነሐሴ 2016፣ ከዘሩ መለኪያ ጋር ላስተያያት ተነሳሁ። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን፣ ኤፍሲአይ የሚሉት፣ ለጀርመን ሼፐርድ ዝርዝር መለኪያ አለው። ሴቷ ቁመቷ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መሬት ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ። የሰውነቷ ርዝመት ከቁመቷ ከ10 እስከ 17 በመቶ ይበልጣል። ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋስኩ። ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኳትና ትከሻዋ ላይ ደብተር አስተኝቼ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ሁለት ጊዜ ደብተሩን በላችው። በሦስተኛው 58 ወጣ። ርዝመቷ 65። ለክብደቷ ወፍጮ ቤት ወሰድኳት። ባለወፍጮው "እህል የሚመዘንበት ነው!" ብሎ ሊያባርረን ነበር፤ ጆንያ አንጥፌ አቅፌያት ወጣሁ። ሁለታችን 91፣ ብቻዬን 64። ዳማ 27 ኪሎ።

ሁሉም ልክ። ወርቅ ያገኘሁ መሰለኝ። ወሬውም ሳያድር ተሰማ። በሳምንት ውስጥ ከሦስት ሰው አምስት አምስት ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ገና ባልተረገዘ ቡችላ!

እዚህ ላይ ስለ ውድድር አንድ ነገር ልበል። ማታ ማታ የውሻ ቁመና ውድድር ቪዲዮ አያለሁ። አንዳንዱ ጀርመን ሼፐርድ የኋላው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ጀርባው ቁልቁለት ሆኖ ነው የሚሮጠው። ግማሹ አቋቋም ነው፤ አንዱን የኋላ እግር ወደኋላ ስበው ስለሚያቆሙት የባሰ ያዘቀዘቀ ይመስላል። ግማሹ ግን እውነት ነው። ዳኛ ትንሽ ያዘቀዘቀውን ሲሸልም፣ አርቢው በሚቀጥለው ትውልድ ትንሽ ጨምሮ ያመጣል፣ ዳኛው እንደገና ይሸልማል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው። የዚህ ዘር አባት የሚባለው ጀርመናዊው መኮንን ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ እ.ኤ.አ. በ1899 መጀመሪያ የመዘገበው ውሻ፣ ሆራንድ ፎን ግራፍራት፣ የበግ ጠባቂ ዘር ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር የሚውል ውሻ ነው የፈለገው። እኔም ዳማን በሳምንት አንድ ቀን ጦሳ ተራራ ላይ አወጣታለሁ። ጦሳን ወጥቶ መውረድ የማይችል ሼፐርድ፣ ዋንጫ ቢኖረው ምን ያደርግለታል?

ታዲያ ጦሳን ስለምትወጣ ዳሌዋን አልጠረጠርኩም። ክትባት ላስከትባት የሄድኩበት የእንስሳት ሐኪም ነው የጠየቀኝ።

"ልታስወልዳት ነው? ራጇስ?"

"አታነክስም እኮ፣ ዶክተር።"

"አለማነከሷን አልጠየቅኩህም።"

ጠረጴዛው ላይ ጡጫውን በሌላው መዳፉ ይዞ አሳየኝ። የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ጭንቅላት ዘነዘናው፣ የዳሌው ጎድጓዳ ሙቀጫው። ሙቀጫው ጥልቀት ከሌለው ዘነዘናው ይንሸራተታል፣ እየፈጋ እየፈጋ አጥንቱን ይበላዋል። ጡንቻዋ ጠንካራ የሆነ ወጣት ውሻ ዓመታት ሳታነክስ ልትቆይ ትችላለች። ግን ታወርሳለች። የሚያወርሰውም አንድ ጂን ብቻ ሳይሆን ብዙ ተደምሮ ስለሆነ፣ ጤነኛ ከሚመስሉ ወላጆችም ይወጣል። ለዚህ ነው በዓይን አይቶ መፍረድ የማይቻለው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የውሻ ዳሌ የሚመዘግበው የአሜሪካው ድርጅት የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። ኤፍሲአይ ደግሞ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ያወጣል፤ ኤ ጤነኛው፣ ኢ የባሰው ነው።

ጥቅምት 2017 በጓደኛዬ ፒክአፕ አዲስ አበባ ወሰድናት። 400 ኪሎ ሜትር። ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ጉልበቴ ላይ አንኮራፋችብኝ። በማደንዘዣ አስተኟት። ምላሷ በጎን ወጥቶ፣ በጀርባዋ አጋድመው ሁለቱን የኋላ እግሮቿን ወደታች ወጥረው ያዙ። ወደ ውጭ ውጣ ተባልኩ። ከዚያ ሐኪሟ ፎቶውን ስክሪን ላይ ከፈተችው። ቀኙ ክብ ሆኖ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቷል። ግራው ግማሹ ውጭ ነው። ሙቀጫው ሰሃን ሆኗል። ሳትነግረኝ ገባኝ። "ደረጃ ቢሰጠው ዲ ነው" አለች።

እውነቱን ልናገር፣ ወደ ደሴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳሰላ ነበር። ማንም አያውቅም። አታነክስም። አሥራ አምስት ሺህ ብር ቀብድ ይዣለሁ፣ ግማሹን ለራጁና ለመንገዱ ጨርሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ብትወልድስ? ሐረጎን ስንወጣ ከእንቅልፏ ነቅታ በመስኮት አንገቷን አወጣች። ተውኩት።

ለሻጩ ደወልኩ። ሌሎቹ ልጆች እንዳይጣመሩ ቢያውቀው ብዬ ነው። "ሩዝ እያበላህ፣ ሴራሚክ ላይ እያስሮጥክ ያበላሸሃት አንተ ነህ" አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ውፍረትና የሚያንሸራትት ወለል እንደሚያባብሱት አውቃለሁ። ሙቀጫውን ግን እኔ አልጠረብኩትም። ስልኩን ዘጋው።

እቁቤን ለምኜ ቀድሜ አወጣሁና ቀብዱን መለስኩ። ሁለቱ አመስግነው ወሰዱ። ሦስተኛው ተቆጣ። "እኔ ለግቢ ጥበቃ ነው የምፈልገው። ዳሌዋን ምን አደርገዋለሁ?" አለ። አራት ዓመት ሲሆነው ከተኛበት መነሳት የሚያቅተው ዘበኛ ምን ያደርግልሃል ብዬ ጠየቅኩት። ገንዘቡን ቆጥሮ ወጣ።

ትምህርቱን ግን አላቆምኩም። ኮምቦልቻ ውስጥ በዚህ ነገር ከኔ በብዙ የምትበልጥ ጓደኛ አለችኝ። የሷ ውሻ ራጅ አላት፣ ወንዱም ከውጭ ከነዘር ሐረጉ የመጣ ነው፣ የዳሌው ውጤት ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። እስከ አራት ትውልድ ቆጥረን የጋራ አያት አላገኘንም። ሰባት አልሞላም፣ እናቴ ግን "ይሁን" ብላለች። ውሻዋ የወለደችው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ከተጠቃችበት ቀን 63 ቆጥረን፣ የመጨረሻውን ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀቷን ለካን። ከ37 በታች ሲወርድ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች ይባላል። ወረደ። ሌሊቱን እዚያው አደርኩ። ንጋት ላይ ስድስት ቡችሎች ነበሩ፣ ሁሉም አይጥ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው የተጨፈነ።

በየአንገታቸው የተለያየ ቀለም ክር አሰርን። ጠዋት ጠዋት በማድቤት ሚዛን እየመዘንን ደብተር ላይ እንጽፋለን። አዲስ ቡችላ የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም፤ ሳጥኑ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ኮምቦልቻ ለዚህ ከደሴ ትሻላለች። እኛ ጋ ቢሆን አጎዛም አይበቃም ነበር። ቀይ ክር ያሰርንላት ትንሿ በሁለተኛው ቀን 20 ግራም ቀነሰች። ወንድሞቿ ይገፏታል። በየሁለት ሰዓቱ እያነሳን ወተት የሚበዛበት የኋላው ጡት ላይ አስቀመጥናት። በአራተኛው ቀን መጨመር ጀመረች።

አሁን ስድስተኛ ሳምንታቸው ነው። የሆድ ትል መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ወስደዋል። ቡችላ የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች ክትባት በዚህ ሳምንት ይጀምራል፣ የእብድ ውሻ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላቸው። አዛኑንም፣ የቅዳሴውንም፣ የባጃጁንም ድምፅ ሰምተው ማንም አይደነግጥም። ገዢ ግቢ ገብቶ እናትየዋን ያያል። ማሳደግ ያቃተው ሰው ለሌላ አይሸጥም፣ ለሷ ይመልሳል፤ በወረቀት ይፈርማል። ለቀልድ የሚመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይሸሻሉ፣ እሷም አትከፋም።

ዳማን ባለፈው ወር አስመከንኳት። አንድ ሳምንት አንገቷ ላይ ባልዲ የመሰለ ነገር አጥልቃ ስትዞር ሐጂ በር ላይ ቆመው አዩዋት። "አመሏስ?" አሉ። ደህና ነው አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያ ሌላው ይቅርባት።"

ትናንት ያ ሦስተኛው ሰውዬ ደወለ። ኮምቦልቻ ቡችላ እንዳለ ሰምቷል። ዋጋ ጠየቀ፣ ይናከሳሉ ወይ አለ፣ ወንድ ይሻላል ሴት አለ። ሊዘጋ ሲል ትንሽ ዝም ብሎ፣

"ስማኝማ፣ እናትየዋን ማየት ይቻላል?"

ቅዳሜ ጠዋት እወስደዋለሁ።