ግራ እግር

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ትናንት ማታ አልቅሼ እንዲወጣልኝ ብዬ ሞት ስለተፈረደበት እስረኛ የሚተርክ የአሜሪካ ፊልም ከፈትሁ። ያሰብሁት ለፍርደኛው ለማዘን ነበር፤ ዓይኔ የቀረው ግን ስሙ አንዴም ባልተጠራ ጠባቂ ላይ ነው። የዚህ ሰው ድርሻ የፍርደኛውን ግራ እግር ማሰር ብቻ ነው። አስቀድመው ሲለማመዱ ከባልደረቦቹ አንዱ በፍርደኛው ቦታ መግደያው አልጋ ላይ ይተኛል፤ እርሱም ቀበቶውን ካጠበቀ በኋላ፣ እንዳያመው ብሎ ነው መሰለኝ፣ አንድ ጣቱን በቀበቶውና በቁርጭምጭሚቱ መካከል አስገብቶ ይለካል። በቁርጡም ቀን ያንኑ ጣት አስገባ። ከደቂቃዎች በኋላ ለሚሞት ሰው ቀበቶው ላላ ጠበቀ ምን ይረባዋል?

ፊልሙ ሲቀጥል እኔ እዚያው ጣት ላይ ቀረሁ። ሥራው ለአንዱ ግራ እግር፣ ለሌላው ቀኝ እጅ፣ ለሦስተኛው የመግደያው መርፌ እየተባለ የተሸነሸነው፣ ማንም «እኔ ገደልሁት» ሳይል ወደ ቤቱ እንዲገባ ይመስለኛል። በዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ፍርደኛ በጥይት ሲገደል፣ ከአምስቱ ተኳሾች የአንዱ ጠመንጃ ሆን ተብሎ እውነተኛ ጥይት አልጎረሰም ነበር፤ እያንዳንዱ «ምናልባት ባዶው የእኔ ይሆናል» እያለ እንዲያድር ነው። (ተኩስ የለመደ ሰው ጠመንጃው ትከሻውን ሲገፋው ባዶውን አይለይም ብሎ ያሰበ ማን እንደሆነ እንጃ።) በቴክሳስ ግን የተገደለው ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የአሟሟቱ ዓይነት «ግድያ» ተብሎ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። በዚያው ግዛት ፍሬድ አለን የተባለ ሻምበል የአሳሪዎቹ ቡድን አባል ሆኖ ከመቶ በላይ ፍርደኞች ሲገደሉ ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ካርላ ፌይ ታከር የተባለችው ሴት በተገደለች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ሳለ ድንገት እየተንቀጠቀጠ አልቅሶ ሥራውን ለቀቀ። እርሱም ቢሆን ያሰረው ቀበቶ ብቻ ነበር፤ ሽንሸናው አላዳነውም።

እኔን ከዚህ ሽንሸና ምን ደረሰኝ እያልሁ ሳሰላስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የፊልሙ ፍርደኛ ይግባኝ ውድቅ ሆኖ እናቱ ልትሰናበተው ስትገባ፣ ፊልሙ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ለማየት ስክሪኑን ነክቼ ነበር። ሃያ ሦስት ይላል። «ገና ነው እንዴ?» አልሁ፤ እንባዬም አልመጣ።