አዲሱን ሞተር ሐረጎ ላይ እንዴት አሟሸሁት

መኪናዋን የተረከብኩት በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ነው። ሱዙኪ ዲዛየር፣ ባለ 1.2 ሊትር ሞተር፣ ማርሿ በእጅ። ቆጣሪዋ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ያሳያል። ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠኝ "ይሄ የድሮ መኪና አይደለም፤ ሮዳጅ ምናምን አያስፈልገውም፣ ዝም ብለህ ንዳው" አለኝ። ሮዳጅ ያለው አዲስ ሞተርን በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በጥንቃቄ እያለማመዱ መንዳትን ነው። አጎቴ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። በወጣትነታቸው ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ከአሰብ ጭነው፣ በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ያስገቡ የነበሩ ሾፌር ናቸው። ለሻጩ ምንም አልመለሱለትም። ወደ እኔ ዞረው "መጽሐፉ የታለ? እስቲ አንብበው" አሉኝ።

መመሪያው ላይ ነገሩ ተጽፏል። ለመጀመሪያዎቹ 960 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን እንደተነሳ አታስጩኸው፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ረጅም መንገድ አትሂድ፣ ስትነሳ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች አትርገጥ፣ በላይኛው ማርሽ እየተንቀረፈፍክ አትንዳ፣ ተሳቢ አትጎትት ይላል። በመጀመሪያዎቹ 320 ኪሎ ሜትሮች ደግሞ ፍሬን በኃይል አትያዝ። ቁጥሮቹ ያልተለመዱ የመሰሉኝ 600 እና 200 ማይል ወደ ኪሎ ሜትር ተመንዝረው ስለሆነ ነው። ከአዲስ አበባ ቤቴ እስካለበት ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። የጣርማበር ቁልቁለት የሚመጣው እንግዲህ 320ው ሳይሞላ ነው ማለት ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

ስህተቴ የጀመረው ግን ሜዳው ላይ ነው። መኪናዋን እንደ እንቁላል ያዝኳት። በአምስተኛ ማርሽ በ50 ኪሎ ሜትር እየተጎተትኩ፣ ዳገት ሲመጣም ማርሽ ሳልቀንስ፣ ሞተሩ እንዳይጮህ ብዬ። ሸኖን እንዳለፍን አጎቴ ሬዲዮውን ዘጉት።

"አንተ ልጅ፣ ትንፋሽ አጥሯታል እኮ። ወደ ሦስተኛ መልሳት።"

"ጋሼ፣ ቀስ እያልኩላት ነው።"

"ቀስ አላልክላትም፣ አፍነሃታል። ስማት እስቲ።"

ሰማሁ። ከወለሉ ስር ድም ድም የሚል ንዝረት አለ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከባድ ሸክም ሲገፋ ፒስተኑና እሱን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ላይ የሚያርፈው ጫና ትልቅ ነው፤ የዘይት ፓምፑ ደግሞ በሞተሩ ዙር ስለሚሠራ በዚያው ሰዓት ዝግ ብሏል። ደብረ ብርሃን አካባቢ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ወደ ሦስተኛ ስመልሳት ድምጿ ከፍ አለ፣ ንዝረቱ ግን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሞተሩ ዙር ላይ አደረግሁ። መመሪያው ቁጥር አይሰጥም። እኔ ለራሴ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,500 ዙር ብዬ ወሰንኩ፤ ከ4,000 እንዳላልፍም ማልኩ።

የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን የወረድነው በሁለተኛና በሦስተኛ ነው። እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ተውኳት፤ ፍሬን የነካሁት አጠር አጠር እያደረግሁ፣ ከኩርባ በፊት ብቻ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ በነፃ ማርሽ የሚለቁ ወንድሞቻችን ይህችን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል፦ በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩ የዛሬ ሞተሮች መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጁን ይዘጉታል፤ በነፃ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ቆጠባም አይደለም፣ ፍሬኑም ይግላል። ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ አጎቴ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ጎማዎቹ አስጠጉ። ሞቅ ብሏል እንጂ የሚሸት ነገር አልነበረም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለውን ሜዳ አንዴ 50፣ አንዴ 70፣ አንዴ 80 እያልኩ ጨረስኩት።

ቤት ስንደርስ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። በረካው እስኪጠጣ ድረስ ምርቃቱ አላባራም። እናቴ "ይሄ ሮዳጅ የምትሉት ምንድን ነው?" ስትል አጎቴ "ማሟሸት ነው፣ እንደ ምጣድ" አሏት። ወዲያው ገባት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እየታሸ ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደግሞ ይግላል። እሳቱ ከበዛ ይሰነጠቃል፤ ካነሰ ደግሞ እንጀራው ሲጣበቅ ይኖራል።

ሞተሩ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአዲስ ሲሊንደር ግድግዳ እንደ መስታወት የለሰለሰ አይደለም። ፋብሪካው ሆን ብሎ እርስ በርሱ የሚቆራረጥ ቀጭን ጭረት ያበጅበታል፤ ዘይቱን የሚቋጥረው ያ ጭረት ነው። የጭረቱን ሹል ጫፎች የፒስተኑ ፋሻዎች፣ ማለትም ፒስተኑን የከበቡት የብረት ቀለበቶች፣ እየተመላለሱ ይልጓቸዋል፣ ፋሻዎቹም በተራቸው የግድግዳውን ቅርጽ ይይዛሉ። ፋሻውን ወደ ግድግዳው አጥብቆ የሚገፋው በብዛት ከኋላው የሚገባው የቃጠሎው ጋዝ ግፊት ነው። ሞተሩ ምንም ሥራ ካልሠራ ግፊቱ አነስተኛ ይሆናል፤ ፋሻው ሳይገጥም ዘይቱ ግድግዳው ላይ እንደ ቫርኒሽ ይጋገርና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ዘይት ሲበላ ይኖራል። ያለልክ ከተገፋ ደግሞ ሙቀቱ ገና ያልተላጉትን ጫፎች ያበላሻል።

ለዚህ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን ሐረጎን የመሰለ መንገድ አላየሁም። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ቤቴ ደሴ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመሃል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ አለ። ጠዋት ስወርድ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛል፤ ማታ ስወጣ ሞተሩ ይሠራል። ስወጣ በሦስተኛ፣ ከ40 እስከ 50፤ ፊቴ የተጫነ ሲኖትራክ ካለ ለመቅደም አልጣደፍም፣ ወደ ሁለተኛ አወርድና እከተለዋለሁ። ዳገቱ ረገብ ሲል እግሬን ላላ አደርጋለሁ። ብቻዬን ነበር የምነዳው፤ ጤፍ አድርስልን ያሉኝንም ለሁለት ሳምንት ታገሱኝ አልኳቸው። በአሥራ አንደኛው የሥራ ቀን 960ው ሞላ።

በመሃል ግን አንድ ጥፋት ሠራሁ። ጥር የሰርግ ወር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲዳር አዲስ መኪና ከግቢ ቆሞ ሙሽራ አላጅብም ማለት አልሆነልኝም። ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን፣ ጥሩምባ እየነፋን፣ ፎቶ ሲነሱ ሞተሩ እንደተነሳ ቆመን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። የሙቀት መለኪያው አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም ምንም አልመሰለኝም። ማታ አጎቴ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። "ቆሞ መሥራት እኮ ነው ሞተር የሚያሰንፍ" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጋዙ ፋሻውን የሚገፋበት ጉልበት ከሁሉ የሚያንሰው ያኔ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌዎቹን አድርሼ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ሰርጉም አይጎድልበትም ነበር። የደሴ ጠዋት ብርድ ነው ብዬ ሃያ ደቂቃ ማሞቄንም ያን ቀን ተውኩ። አሁን አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቄ እነሳለሁ፤ ሙቀቱ እስኪመጣ በዝግታ እሄዳለሁ።

1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀየርኩ። አሮጌውን ዘይት በነጭ ሳህን ቀድቼ ፀሐይ ላይ ሳዘነብለው እንደ ብናኝ ብር የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁበት። የተላጉት ጫፎች ናቸው፤ በአዲስ ሞተር የሚጠበቅ ነው፣ እዚያው መቆየት ግን የለባቸውም። ጋራዡ ውስጥ አንድ መካኒክ "ለወሎ ዳገት ወፍራም ዘይት ነው" ብሎ 40 ቁጥር ሊጨምርልኝ ነበር። አልፈቀድኩም። የዚህ ሞተር የዘይት መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ የደሴ ጠዋት ደግሞ ወፍራሙን ዘይት የበለጠ ያከብደዋል። መመሪያው የጻፈውን ቁጥር ፈልጌ አስሞላሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት የዘይት መለኪያው ላይ ትንሽ ጎድሎ አይቼ ደንግጬ ነበር። ከቅያሬው በኋላ በየቅዳሜው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ አቁሜ እለካለሁ። ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት ጨመርኩ። ቆጣሪዋ 1,600 ላይ ስትደርስ ከአጎቴ ጋር ወልድያን አልፈን ቆቦ ሄድን፤ የቆቦ ሜዳ ላይ አምስተኛ ማርሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋን አገኘች። ተመልሰን በማግስቱ ስለካው ዘይቱ ከነበረበት ምልክት ፈቀቅ አላለም።