ከማለቢያው እስከ ሻይ ቤቱ፦ የደሴንና የኮምቦልቻን ጥሬ ወተት እንዴት እንደመረመርኩ

የድኅረ ምረቃ ጥናቴን በጥሬ ወተት ላይ ለመሥራት ስወስን የተለመደው መንገድ ግልጽ ነበር፤ ከሻይ ቤቶች ናሙና መሰብሰብ፣ ባክቴሪያውን መቁጠር፣ ከተፈቀደው ልክ በላይ መሆኑን መጻፍ። እንዲህ ያለው ውጤት ወተቱ መበከሉን እንጂ የት እንደተበከለ ስለማይናገር፣ ወተት ሻጯም ሆነች የጤና ተቆጣጣሪው ምንም ሊያደርጉበት አይችሉም። ስለዚህ አንዱን ወተት ከሚታለብበት እስከሚጠጣበት ድረስ ተከትዬ፣ ከጡቱ በቀጥታ፣ ከማለቢያው፣ ከጀሪካኑ፣ ከሰብሳቢውና ከሻይ ቤቱ ናሙና ለመውሰድ አሰብኩ።

ሁለቱ ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየራቸው ልዩነት ለባክቴሪያ ትልቅ ጉዳይ ነው። በደሴ ብርድ ማለዳውን ሙሉ ደኅና ሆኖ የሚቆይ ወተት ኮምቦልቻ ሲወርድ ቶሎ ይበላሻል፤ ናሙናውም እንዲሁ ስለሆነ በረዶ በተሞላ ሳጥን ይዤ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ አደርስ ነበር። የናሙናውን ቀን በጾም መሠረት መምረጥም ያስፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ገበያ ሲቀዘቅዝ ያልተሸጠው ወተት ወደ እርጎ ስለሚሄድ፣ በእነዚያ ቀናት ሻይ ቤት የሚገኘው ወተት ከሌላው ቀን ጋር አይነጻጸርም።

የላቦራቶሪው ሥራ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። 25 ሚሊ ሊትር ወተት በ225 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ውሃ (ባክቴሪያውን ሳይገድል በሚያቀጥን ፈሳሽ) ይቀየጣል፤ ከዚያ አሥር አሥር እጥፍ እየቀጠነ በአጋር (ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄሊ) ላይ ይዘራና በኢንኩቤተር፣ ማለትም ሙቀቱ በማይለዋወጥ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምችት) የበቀለበት ሳህን ይቆጠራል። (አጋር ራሱ ከማዕድ ቤት የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ለሮበርት ኮህ ላቦራቶሪ ያስተዋወቀችው ፋኒ ሄሰ ጄሊ ማርጊያ መሆኑን ታውቅ ነበር።) ኮሊፎርም የሚባለው የባክቴሪያ ቡድን ለብቻው ይቆጠራል፤ የእበትና የእጅ ንክኪ ምልክት ነውና። ብሩሴላ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ) እና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ግን በዚህ ቆጠራ አይታዩም፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ወተት ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አውቶክሌቩ፣ ማለትም የላቦራቶሪ ዕቃንና አጋርን በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው መሣሪያ ነው። መመሪያዎች ሁሉ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ግፊት 121 ዲግሪ ይገኛል ይላሉ፤ ይህ ግን ባሕር ወለል አጠገብ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነና የደሴ አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ መለኪያው 15 ሲያሳይ ውስጡ ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 121 ለመድረስ 19 ያህል ያስፈልጋል። የታመቀው አየር በእንፋሎቱ ተገፍቶ ካልወጣ ደግሞ ይህም አይበቃም። ስለዚህ ግፊቱን ትቼ ሙቀቱን መከታተል ያዝኩ፤ አጋሩ ንጹሕ መሆኑን ለማረጋገጥ ምንም ያልተዘራበት ሳህንም ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አኖር ነበር። በከፍታ ላይ ያሉ ላቦራቶሪዎች ይህን በግድግዳቸው ቢለጥፉት እወዳለሁ።

ውጤቱ ሲደረደር ትልቁ ዝላይ የታየው ከጡቱ ወደ ማለቢያው ሳይሆን ወተቱ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ነበር። የዘይት የነበረው ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ በግድግዳው የተጣበቀው ባክቴሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መናጥ አይለቅም። ይህን ደሴ ውስጥ ለአንዲት እናት ሳስረዳቸው «ልጄ፣ ላሜን ነው ጀሪካኔን ነው የምትከሰው?» አሉኝ። ጀሪካኑን እንደሆነ ስነግራቸው እናታቸው ወተት በቅል ያስቀምጡ እንደነበርና ቅሉን በወይራ ያጥኑት እንደነበር አነሱ። «ጀሪካንማ እንዴት ይታጠናል? ይቀልጣል እኮ!»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የወይራ ጭስ ለሽታና ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ፌኖል ያላቸው ውሕዶቹ የባክቴሪያን እድገት ይገታሉ። ቅሉ ለፕላስቲክ ቦታውን ሲለቅ ጥበቃው አብሮ ቀረ፤ በምትኩ የመጣ ሙቅ ውሃም ሆነ ሳሙና አልነበረም።

«ወተቱ ሳይጠጣ በፊት ይፈላል እኮ» የሚለው መልስም በከፊል ብቻ ያስኬዳል። ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ወተትን በፓስተራይዜሽን (በሽታ አምጪዎችን በሙቀት በመግደል) ለማከም ግን 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ስለሚበቃ ከፍታው እዚህ ላይ አያሳስብም። የሚያሳስበው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ነው፤ ባክቴሪያው በመፍላት ቢሞትም ቀድሞ ያመረተው መርዝ ሙቀቱን ስለሚቋቋም፣ ሙቀት ላይ ቆይቶ የተበከለ ወተት ማታ ቢፈላም ማስታወኩን አይከላከልም።

በመጨረሻ ለአቅራቢዎቹ ያቀረብኩት ምክር ከጥናቱ ገጾች ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፦ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ተደፍቶ መድረቅ፣ ከታለበ በኋላም ቶሎ ማቀዝቀዝ። የአሉሚኒየሙ ዋጋ ለአንዳንዶቹ ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ ከእነርሱ ጋር የተስማማነው ቢያንስ ክዳኑ ሰፊ የሆነና እጅ የሚያስገባ ፕላስቲክ ለወተት ብቻ እንዲለዩ ነው።