ለታሸገ ውሃ የፈረምነው

ስለ ሰፈር ፕላን ስብሰባ ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አራት ወር ሙሉ የክፍለ ከተማ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ባልከረምኩ። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን አዲስ አበባ ነው፣ ወንዝ ዳር። ስሙ ይቅር። መታወቂያዬን የማሳድሰው እዚያው ወረዳ ነው።

ነገሩ የተጀመረው «ለሰፈራችሁ የአካባቢ ልማት ፕላን እየተሠራ ነው» ሲባል ነው። ያኔ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን የአሥር ዓመቱን ትልቅ ትልቁን ነገር ይይዛል፤ ዋና መንገዱን፣ የሕንፃ ከፍታውን፣ የወንዝ ዳሩን። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ግን ደጃፋችሁ ድረስ ይመጣል። የውስጥ መንገዳችሁ ስንት ሜትር ይሁን? ያ ክፍት ቦታ ምን ይሠራበት? የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። እኛ ግን ስለ ትልቁ ፕላን ሻይ ቤት ስንጨቃጨቅ እንውልና ለትንሹ ስብሰባ እንቀራለን።

ፕላኑን የሚከታተል ኮሚቴ ማቋቋሙ ቀላል ነበር። ዕድራችን በወሩ ስብሰባ ሰባት ሰው መረጠ፤ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ጸሐፊ ተባልኩ። ደብዳቤ ጻፍን፣ የዕድሩን ማህተም መታንበት፣ ወረዳ አስገባን። ሰው ለመጥራት ግን የዕድሩን ጥሩምባ ነፊ ላክን። ሰፈሩ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። አንዳንድ እናቶች እስከ ዛሬ ይቅር አላሉንም።

አሁን ወደ ስብሰባው።

አዳራሽ ሞላ። በር ላይ አንዲት ልጅ የታሸገ ውሃና ብስኩት ታድላለች፣ አጠገቧ ወረቀት አለ። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከላይ ርዕስ የለውም። «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «ለመስተንግዶው ማወራረጃ ነው» አለችኝ። አመንኳትና ፈረምኩ። ማመን ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲበዛባት ወረቀቱን ተቀብያት በየወንበሩ እየዞርኩ አስፈረምኩላት። «እማማ፣ እዚች ጋ፣ ስምዎትን ብቻ» እያልኩ። ከእኔ ጋር 112 ሰው።

የፕላን ባለሙያው ካርታውን ግድግዳ ላይ አበራ። መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ፀሐዩ ገብቶ ካርታውን አጠፋው። የሚታየው ቀይና ቢጫ ጥላ ነበር። ሃያ ደቂቃ አወራ። ጥያቄ ሲባል አንዱ ስለ ውሃ መቆራረጥ፣ ሌላው ስለ መብራት፣ ሦስተኛው ልጁ ሥራ ስለማጣቱ ተናገረ። አልፈርድባቸውም። ኃላፊ ፊት ለፊት የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው፤ ሰው የቆሰለበትን ነው የሚያሳየው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና «እንግዲህ በአጠቃላይ በሐሳቡ ተስማምተናል ማለት ነው፣ አይደል?» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ከሁለት ወር በኋላ የዕድሩ ዳኛ «እስቲ ፕላኑን እይልን» ብለው ክፍለ ከተማ ላኩኝ። የተጠረዘ ሰነድ ተሰጠኝ። ሜዳችን «ቅይጥ» ተብሎ ቀለም ተቀብቷል፤ መኖሪያና ንግድ ተቀላቅሎ የሚሠራበት ማለት ነው። ሜዳው ድንኳን የምንተክልበት፣ ደመራ የምናበራበት፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ነው። ከሳተላይት ሲታይ ግን ባዶ መሬት ነው። ሰነዱን ወደ ኋላ ገለጥኩ። መጨረሻው ላይ ያ ወረቀት! ርዕስ ወጥቶለታል፦ «በረቂቅ ፕላኑ ላይ ተወያይተው የተስማሙ ነዋሪዎች»። ተራ ቁጥር አንድ የእኔ ፊርማ ነው።

«እህቴ፣ ፈርመሻል እኮ» አለኝ ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው። «ለውሃ ነው የፈረምነው» አልኩት። ሳቀ። እውነትም ያስቃል። ሥራ ቦታ የሃምሳ ብር ደረሰኝ ሳላነብ የማልፈርም ሰው ነኝ፤ የሰፈሬን ሜዳ ግን በአንድ ፕላስቲክ ውሃ ሰጠሁ። ደግሞ ብቻዬን አይደለም፣ 111 ሰው አስከትዬ።

ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ ወደ ላይ ሄዷል»፣ «ሰኞ ነይ» መጣ። ስንት ሰኞ እንደሄድኩ አልቆጠርኩም። በአራት ወር ውስጥ የዓመት ፈቃዴ በግማሽ ቀን በግማሽ ቀን አለቀ። በቃል ማስረዳት ከንቱ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መዝገብ ቤት ገብቶ ቅጂው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር እንዳልተነገረ ነው የሚቆጠረው። በኋላ በጽሑፍ ስናደርገው ሁለት ነገር ጠቀስን። አንዱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ነው፤ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ሌላው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው፤ የነዋሪውን ተሳትፎ ከመሠረታዊ መርሆቹ አንዱ አድርጎታል። (ከይዞታው ለሚነሳ ሰው ደግሞ አዋጅ 1161/2011 አለ፤ ከመነሳቱ አስቀድሞ ሊያወያዩት ይገባል። እኛ ዘንድ የሚነሳ አልነበረም፣ እናንተ ዘንድ ካለ ግን ያዙት።)

ደብዳቤው በር ከፈተ እንጂ ሐሳብ ያስቀየረው ሌላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የሰፈሩን የሳተላይት ፎቶ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩ። ቡና ወደተፈላበት ቤት ሁሉ ይዤው ዞርኩ። አዳራሽ ውስጥ ትንፍሽ ያላሉ ሴቶች እስክሪፕቶውን ከእጄ ነጠቁኝ። ክረምት ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ ማታ የትኛው ቅያስ እንደሚያስፈራ፣ ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚተከል። አንዲት ጉሊት የምትሸጥ እናት ጣቷን ካርታው ላይ አድርጋ «እዚህ ቦይ ቢቀዱ ውሃው ቤቴ ነው የሚገባው፤ ባለፈው ክረምት ሽንኩርቴን ለቅሜ ያመጣሁት ከወንዙ ነው» አለች። ፕላኑ ላይ ቦዩ የተሰመረው ልክ እዚያ ጋ ነበር።

ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር አስገባን። አንድ ቅዳሜ ባለሙያው በራሱ ጊዜ መጣ። ጫማው ጭቃ እስኪሆን አብረን ዞርን። «ይህን ማን ነግሮኝ?» አለ። እውነቱን ነው። ለሱም የተሰጠው አዳራሽና ሃያ ደቂቃ ነው።

ቦዩ ተዛወረ። ከሜዳው ግማሹ ክፍት ቦታ ሆኖ ቀረ፣ ግማሹ ሄደ። ደመራ እናበራለን፣ ኳሱ ግን ጠቧል። ልጆቹ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል።

ስብሰባ ሲጠራ «የሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል ተወካይ ይገኝ» ይባላል። እኔ ተወካይ አትላኩ ባይ ነኝ። ሴቶችን ወክለው፣ ወጣቱን ወክለው በየስብሰባው የሚመጡት እነዚያው ሰባት ሰዎች ናቸው። ባለይዞታ ብቻ መጥራትም ይቅር። ተከራዩ ነው በዚያ ቅያስ ማታ የሚገባው። ቃለ ጉባኤውን ራሳችሁ ያዙ፣ እዚያው ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ያልተስማማውንም ጻፉት። አዳራሹን ደግሞ ከቻላችሁ ጭራሽ ተዉት፤ ቡናው ይሻላል።

ባለፈው ወር ስለ መንገድ መብራት ሌላ ስብሰባ ተጠራ። በር ላይ ያችው ልጅ፣ ያው ውሃ፣ ርዕስ የሌለው ወረቀት። እስክሪፕቶዬን አወጣሁና ከላይ «መገኘታችንን ብቻ ያመለክታል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ልጅቷ አነበበችው። ከኋላዬ ላለው ሰው ውሃ ሰጠችው፤ ለኔ አልሰጠችኝም።