ጀሪካን ይዤ ደረጃ ላይ

ዛሬም ውሃ የለም። መብራት ስለጠፋ የግቢው ፓምፕ ቆሟል፣ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ደግሞ የኔ ዕጣ ሆነ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አቃተኝና ቁጭ አልኩ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኛል። እማማ በራቸውን ከፈት አድርገው "አስቀምጠው እንጂ ልጄ፣ ተንፈስ" አሉኝ። የልብ ምቴን ቆጠርኩ። ወደ 150!

ሰሞኑን የማነበው ነገር አልለቅህ ብሎኝ ነው እንጂ ማን ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል። ስለ ፎስፎላምባን ነው። ስሙ ያስፈራል፤ ራሱ ግን 52 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ሚጢጢ ፕሮቲን ነው።

ልብ ሲጨመቅ በጡንቻው ሴል ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል። እንዲላላ ደግሞ ያው ካልሲየም በሴሉ ውስጥ ወዳለው ማከማቻ፣ ወደ ጓዳው፣ መመለስ አለበት። የሚመልሰው ሰርካ የሚባል ፓምፕ ነው፤ በጓዳው ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ አንድ ኤቲፒ (የሴል ጉልበት የሚያዝበት ሞለኪውል) ባቃጠለ ቁጥር ሁለት ካልሲየም ያስገባል። ፎስፎላምባን ታዲያ ጎኑ ተለጥፎ ያዝ ያደርገዋል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ፓምፑን ብቻውን ስለው ነው ያስተማሩን፣ የያዘው ሰው እንዳለ ማንም አልነገረን።

እኔን የገረመኝ መላላቱ ነው። በ60 ምት ልብ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ሙሉ ሰከንድ አለው፣ በ150 ግን 0.4 ሰከንድ ብቻ፣ በዚያች ውስጥ ተጨምቆ፣ ላልቶ፣ እንደገና ደም መሙላት አለበት። ቶሎ ካልላላ በምን ይሞላል? አድሬናሊን ሲመጣ ፒኬኤ የሚባል ኢንዛይም ፎስፎላምባን 16ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ያኔ ጫናው ይነሳና ፓምፑ ካልሲየሙን ፈጥኖ መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ ጋ ነዳጅ አልተረገጠም፣ ፍሬን ነው የተለቀቀው። ደግሞ በ2016 ድዎርፍ የሚባል፣ 34 አሚኖ አሲድ ያለው ሌላ ትንሽ ፕሮቲን ተገኝቷል፤ እሱ ፎስፎላምባንን ገፍቶ ቦታውን ይቀማል። ሰፈር ነው የሚመስለው።

በ1994 ፎስፎላምባን የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው ነበር። ልባቸው ሁሌም በኃይል ይመታል፣ እነሱም ደህና ናቸው። እዚህ ስደርስ "ታዲያ ምን ያደርግልናል?" ብዬ ነበር። በ2003 የወጣው ጥናት ግን አፌን አስያዘኝ፦ ከእናትም ከአባትም የተበላሸውን ጂን ወርሰው ፕሮቲኑን ያጡ ሰዎች ልባቸው ሰፍቶ፣ ደክሞ ነው የተገኘው። የአይጥ ልብ እኮ ድሮም በደቂቃ 500፣ 600 ጊዜ የሚመታ ነው። እሷን አይቶ ስለኔ ማውራት ድፍረት ነው።

"ተሻለህ?" አሉ እማማ። ምቴ 90 ገብቷል። ሁለተኛው ጀሪካን ታች ቀርቷል።