ፎርት ኮቺ፦ የመቃብሩ ድንጋይና የማራገቢያው ገመድ

ዛሬ በሕንድ ኬረላ ግዛት፣ ፎርት ኮቺ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር በእግሬ ስዞር ዋልኩ። ፖርቱጋሎች የቆረቆሩትን ይህን ሰፈር በ1663 ሆላንዶች፣ በ1795 ደግሞ እንግሊዞች ወስደውታል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ብዙ የቆየሁት በቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1524 ኮቺ ውስጥ የሞተው ቫስኮ ዳ ጋማ የተቀበረው እዚህ ሲሆን፣ አፅሙ ወደ ፖርቱጋል ከተወሰደ ወዲህ የቀረው የመቃብሩ ድንጋይ ብቻ ነው። ግራኝ አሕመድን ሊወጋ መጥቶ በ1542 በአገራችን የተገደለው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የዚህ ሰው ልጅ መሆኑ ትዝ ያለኝ እዚያው ቆሜ ነው።

እኔን ግን ከመቃብሩ ይልቅ የያዘኝ ከመቀመጫዎቹ በላይ የተንጠለጠለው ረጅም የጨርቅ ማራገቢያ ነው። ገመዱ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ምእመናኑ ውስጥ ሆነው ነፋስ እየተቀበሉ ሲጸልዩ፣ አገልጋዩ ውጭ ሆኖ ገመዱን ይስብ ነበር። ቅዳሴው ለእሱ ይሰማው ይሆን?

አመሻሽ ላይ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። የቻይና መረብ የሚባለውን፣ በገመድ የተንጠለጠሉ ትልልቅ ድንጋዮች ሚዛኑን የሚጠብቁለትን የእንጨት መሣሪያ ዓሣ አጥማጆች ተባብረው ሲጎትቱ አየሁ። የወጣው ዓሣ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም፤ ከሥር የምትጠብቀው ድመት ግን ድርሻዋን አላጣችም።