ስቴሪዮ ስላይድ የተመልካችን ዓይን ሳያደክም እንዴት እንዳሳየሁ

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የተሠራ በመሆኑ፣ 12 ሜትር ያህል የሚጠልቀው ጉድጓድ በተራ ፎቶግራፍ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ይህን ጥልቀት ለተመልካች ማድረስ ስለፈለግሁ፣ ለግራና ለቀኝ ዓይን የተነሡ ጥንድ ስላይዶችን (በፕሮጀክተር ብርሃን የሚታዩ የፊልም ፎቶግራፎችን)፣ ማለትም ስቴሪዮ ስላይዶችን፣ በአዳራሽ ለማሳየት ተነሣሁ። በዝግጅቱ ሁሉ አንድ መመሪያ ያዝሁ፦ ተመልካቹ በተፈጥሮ ዓይኑ የማያደርገውን ነገር ስክሪኑ አያስገድደው።

ሁለት አንድ ዓይነት ፕሮጀክተሮችን ደራርቤ በሌንሶቻቸው ፊት የፖላራይዘር ማጣሪያ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ አቆምሁ፤ አንዱ 45 ዲግሪ ወደ ግራ፣ ሌላው 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሲሆን፣ የተመልካቹ መነጽርም በዚሁ አቅጣጫ የተሠራ ነው። ተራ ነጭ ስክሪን የብርሃኑን የመርገብገብ አቅጣጫ ስለሚያዛባ እያንዳንዱ ዓይን የሌላውን ምስል ጭምር ያያል፤ ስለዚህ አቅጣጫውን የሚጠብቅ ብርማ ስክሪን የግድ ነው። ይህ ስክሪን በጎን ለተቀመጠ ሰው ይደበዝዛልና ወንበሮቹን በመሃል አሰባስቤ ደረደርሁ፤ ለስክሪኑ እጅግ የቀረበውን ረድፍም ባዶ ተውሁት።

ከሁሉ አብልጬ የደከምሁበት የሁለቱን ምስሎች ከፍታ ማስተካከል ነበር። ዓይኖቻችን ቅርብ ነገር ለማየት ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እንዲያይ ማድረግ ግን ከአቅማቸው ውጭ ስለሆነ፣ በከፍታ የተዛነፈ ጥንድ ቶሎ ራስ ምታት ያመጣል። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስላይድ በ2 ሜትር ስክሪን ላይ ከ55 ጊዜ በላይ ስለሚጎላ፣ በፍሬሙ ውስጥ የ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ አግድም መስመሮች ባሉበት የሙከራ ስላይድ ፕሮጀክተሮቹን አስተካከልሁ፤ ከዚያም እያንዳንዱን ጥንድ ለየብቻ መረመርሁ፤ ፊልሙ በሙቀት ተጣምሞ ትኩረቱ እንዳይዛባም በመስተዋት መካከል አሰርሁት።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥልቀት ልክ ነው። በሰው ሁለት ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና፣ በስክሪኑ ላይ የሩቁ ተራራ የግራና የቀኝ ምስሎች ከዚህ በላይ ከተራራቁ ዓይኖች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ይገደዳሉ። ይህ በፊልሙ ላይ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው፤ ከስላይዱ ስፋት አንድ ሠላሳኛ። በቤተ ጊዮርጊስ ችግሩ ግልጽ ነው፦ በጉድጓዱ አፋፍ የቆመ ሰው ካሜራውን ሲያነሣ ከእግሩ ሥር ያለው ዓለትና ከአድማስ ያለው ተራራ በአንድ ፍሬም ይገባሉ። የካሜራው ሌንሶች እንደ ዓይን የተራራቁ ከሆኑ፣ በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ልክ እንዳያልፍ የቅርቡ ነገር ቢያንስ 2 ሜትር መራቅ ስላለበት፣ አፋፉ የገባባቸውን አስወጥቼ በጣሪያው ላይ ያሉት መስቀሎች ቀዳሚ የሆኑባቸውን አስቀረሁ። ከስክሪኑ ፊት ወጥቶ የሚታይ ነገር በፍሬሙ ጠርዝ ሲቆረጥም ዓይን ግራ ይጋባል፤ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ከስክሪኑ ኋላ እንዲታዩ አድርጌ እንደገና አሰርኋቸው።

ቅደም ተከተሉን ጥልቀታቸው አነስተኛ ከሆኑት ጀምሬ፣ በስላይዶቹ መካከል አጭር ጨለማ አስገባሁ። ራስን ማዘንበል ምስሎቹን ስለሚያደባልቅ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ አስቀድሜ ለመንሁ፤ ጥልቀቱ የማይታያቸውም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በምቾት መከታተል እንደሚችሉ ነገርኋቸው።

ወደ ፊት በሌላ አዳራሽ በ4 ሜትር ስክሪን እንዳሳይ ተጠይቄአለሁ። የእነዚሁ ስላይዶች የሩቅ ምስሎች እዚያ 130 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ ትልቁን ስክሪን ትቼ የ2 ሜትሩን ይዤ ልሄድ ወስኛለሁ።